ቅዳሜ እንዳትመጣ

ውድ ቃልአብ፤

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ጀምሬ ስለማላውቅ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። ስልኬን ከዘጋሁብህ ቆይቷል፤ አሁንም አልከፍተውም። ይህን ወረቀት ምልኬሳ በእጅህ ይሰጥሃል። መልስ እንዳትጽፍ። ምልኬሳን መልስ ይዘህ እንዳትመጣ ብዬዋለሁ፤ እሱ ደግሞ እንዳንተ አይደለም፣ አደራ ያከብራል።

የምጽፍልህ ስለ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ላይ ለመድረስ ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ። አንተ ነገሩን የምታውቀው አንተ ከቆምክበት በኩል ነው። እኔ ከቆምኩበት ምን እንደሚመስል አንዴ ስማ።

አባቴ ጋ፣ አቦይ ጋ ሥራ ፈልገህ የመጣህ ቀን ዝናብ ነበር። ጎሮ ያኔ እንዲህ በፎቅ አልተሞላም፤ ከእንጨት ሥራ ቤታችን ፊት ለፊት የምልኬሳ አባት ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ጫማህን ደጃፉ ላይ ጠርገህ ገባህ። ከቴክኒክ ኮሌጅ የተመረቅክበትን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልለህ ይዘህ ነበር። አቦይ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ እንዳይረጥብብህ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠልህ። አንተ ዓይንህ ቤቱን ይዞራል።

"ማሽን የለዎትም እንዴ ጋሼ?" አልከው።

"አለኝ እንጂ፤" አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። "ያቻት። መብራት ሲጠፋም ትሠራለች።"

ሦስታችንም ሳቅን። በራሴ ላይ ተቀልዶ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አቦይ ከአዲግራት ሲመጣ ከልብሱ ሌላ ይዞት የመጣው ሁለት መላጊያ ነበር፤ አንዱ ቦይ የሚቆፍር፣ አንዱ ምላስ የሚያወጣ። የአንዱን ጣውላ ጠርዝ መሃል ለመሃል ቦይ ያወጡለታል፤ የሌላውን ጠርዝ ግራና ቀኙን ልገው መሃሉን እንደ ምላስ ያስቀሩታል። ምላሱ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ጣውላ አንድ ይሆናሉ። ምስማር አይታይበትም፣ ኮላም አይነካውም፤ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲኮማተር ለራሱ መላወሻ አለው። እኔ ይህን የተማርኩት ፊደል ከቆጠርኩ ብዙም ሳልቆይ ነው። አንተ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆነህ፣ ዲፕሎማህን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠህ ተማርከው። አይቀልልህም ነበር። ቀኝ እጅህ ችኩል ነው። አቦይ ከኋላህ ቆሞ "ቀኝ እጅህ ይግፋ፣ እሱ አህያ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግራህ ነው" ይልህ ነበር። የመላጊያውን ጠባቂ፣ መስመሩን እንዳይስት በጎኑ የተገጠመለትን እንጨት፣ ከጣውላው ፊት ጋር አጣብቆ የሚይዘው ግራ እጅ ነው። ግራ እጅ ከላላ ጠባቂው ይሸሻል፤ ጠባቂው ከሸሸ ምላሱ ይሳሳል፤ የሳሳ ምላስ ደግሞ ይቀነጠሳል።

ስንት ጣውላ እንዳበላሸህ አንተም አትረሳውም። አቦይ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎብህ ያውቃል? የተቀነጠሰውን ያነሳና፣ በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ "ይሄ ለሻያችን ማፍያ ይሁን" ብሎ ሌላ ጣውላ ያስርልህ ነበር። ምልኬሳም እኔም በዚያው መንገድ ነው ያለፍነው። ሰውን በሥራው ማዋረድ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ይህን ያዝልኝ፤ አሁን የምጽፍልህ ነገር ሁሉ የሚያሳምመኝ በዚህ ምክንያት ነው።

አንተ ስትገፋ እኔ የረጅሙን ጣውላ ጫፍ እይዝልህ ነበር። እንዲያው በዚያ መሃል ነው የወደድኩህ፤ ሌላ ታሪክ የለውም። ሽማግሌ ስትልክ አቦይ "ልጁን ከእናንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ምን ልትነግሩኝ ነው?" ብሎ ሽማግሌዎቹን አሳቃቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ "ጋሼ" ማለት ትተህ እንደኔው "አቦይ" ትለው ጀመር። እሱም ወደደው። ወንድ ልጅ እንዳልነበረው ታውቃለህ።

ከዚያ የእጁ ነገር መጣ።

ጠዋት ሻይ ሲይዝ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ እሰማ ነበር። ድካም መሰለኝ። ለኔ አልነገረኝም፤ ላንተ ነገረህ። ሐኪም ቤት የወሰድከው አንተ ነህ። የነርቭ በሽታ ነው፣ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም ያለውን ሐኪም የሰማኸው አንተ ነህ። ስትወጡ "ለፊዮሪ እንዳትነግራት፤ መላጊያውን ከእጄ ትወስዳለች" ብሎ የለመነህ አንተን ነው። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ወለሉን እያየ፣ "ለማን ነው የነገርኩት፣ ልጄ?" እያለ ነገረኝ።

ወይዘሮ ሉላ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከወሎ ሰፈር ጀርባ የእንግዳ ማረፊያ ያሠሩ ነበር። የአያታቸው ቤት ሲፈርስ የወለሉን የዝግባ ሳንቃ አስነቅለው አስቀምጠውታል፤ ያ እንጨት የሳሎናቸው ኮርኒስ እንዲሆን ፈለጉ። ማሽን ያላቸው ቤቶች "ውስጡ ምስማር አለበት፣ ምላጫችንን ይበላል" ብለው መልሰዋቸዋል። አቦይ አንዱን ሳንቃ ተቀብሎ እንደ ሕፃን ጀርባ ዳሰሰው፤ ሁለት ቦታ ላይ ጣቱን አቆመና "እዚህና እዚህ አለ" አላቸው። እዚያው ነቅሎ አሳያቸው። ስምምነቱ ያን ጊዜ አልቆ ነበር። ሴትዮዋ እሺ ብለዋል፣ አቦይ እሺ ብሏል። "ግድ የለም፣ እጃቸውን በዓይንዎ ይዩት፤ ቦታው ድረስ መጥተው ያሳዩዎታል" ያልካቸው አንተ ነህ። አቦይ ኩራት መስሎት ደስ አለው።

መላጊያዎቹን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሳሎኑ ገና ልስን ይሸታል። ቀለም ቀቢዎቹን፣ መብራት የሚዘረጉትን፣ ዘበኛውን ሳይቀር ጠራሃቸው። "ኑ እዩ፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ ዛሬ አታገኙም" አልክ። ከበውን ቆሙ። ያን ጊዜ ነው የአቦይ ግራ እጅ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እንደሆነ ያየሁት። አላወጣውም።

"እኔ ላሳያቸው፤" አልኩ።

"አይ ፊዮሪ፤ ወይዘሮ ሉላ የፈለጉት የጋሽ ገብረሰንበትን እጅ ነው።"

ጋሽ ገብረሰንበት አልክ። አቦይ አላልክም። እዚያው አንድ ነገር ሽው አለኝ፤ ግን ምን እንደሆነ አላወቅኩትም።

"ተዪ ልጄ፣ እኔው ላሳይ፤" አለ እሱም፤ ሰው ፊት ምን ይበል። ከዚያ ቀና ብሎ አየህ። እኔን አይደለም ያየው፣ ሴትዮዋንም አይደለም። ሚስጥሩን የምታውቀው አንተ ስለሆንክ ከዚያ ጣጣ የምታወጣውም አንተ መስለኸው ነበር። አንድ ነገር ትላለህ ብሎ ጠበቀ፤ "ዛሬ ይቅር፣ ደክሟቸዋል"፣ "መላጊያው አልተሳለም"፣ የፈለገውን ይሁን። አንተ ፈገግ ብለህ ጣውላውን አሰርክለት።

መላጊያው እንጨቱ ላይ ተንጫጫ። ግራ እጁ እንደ ዓሣ ይንፈራገጣል። በቀኙ ደፍቆ ሊይዘው ሞከረ፤ ጠባቂው ከጣውላው ፊት ተነቀለና ምላሱ ግማሹ ድረስ ተሰንጥቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። የደነገጠ ሰው የሚስቀው ሳቅ ነበር፤ በሱ አልፈርድም።

"ይበቃል አባቴ፣ አይድከሙ፤" አሉ ወይዘሮ ሉላ።

"ኧረ ጋሼ እንዲህ በቀላሉ አይሸነፉም፤" አልክ። "ይድገሙት።"

ደገመው። አንተ ሌላ ጣውላ አሰርክለት፤ ያንንም ሰነጠቀው። ከቀለም ቀቢዎቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር፤ አይተኸዋል፣ እንዲያውም ብርሃኑ እንዳይጋረድበት ፈቀቅ ብለህለታል። ሦስተኛውን ልታስር ስትል አቦይ መላጊያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ላቡ በግንባሩ እየወረደ "ይቅርታ እመቤቴ፣ ጊዜዎን ወሰድኩ" አላቸው። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። ከዚያ ወጣ። መላጊያዎቹን ለቃቅሜ ስደርስበት የወሎ ሰፈር ታክሲዎች መሃል ቆሞ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ነበር፤ ከተማዋን ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው። ወደ ጎሮ ስንመለስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ሁለት እጁን ጭኑ መሃል ደብቆ ሄደ። 

አንተ እዚያው ቀረህ። መገናኛ አካባቢ ሼድ ተከራይተህ ማሽን እንዳስገባህ፣ ሥራውን በአጭር ጊዜ እንደምትጨርስ ያን ዕለት ነው ለወይዘሮ ሉላ የነገርካቸው። ሼዱን የተከራየኸው ግን ቀደም ብለህ ነበር። ከእኔ ጋር ቡና እየጠጣህ፣ ሠርጋችን የት ይደረግ እያልን፣ ኪስህ ውስጥ የሼዱ ቁልፍ ነበር።

ቪዲዮው በየሰዉ ስልክ ዞረ። የጭፈራ ዘፈን ጨምረውበት "እስክስታ የሚመታ አናጢ" የሚል ጽፈውበታል። የሰንበቴ ማኅበርተኞቹ አይተውት ሲያገኙት ዓይናቸውን ይሰብሩ ጀመር። አቦይ ራሱ ያየው ታክሲ ውስጥ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠች ልጅ እየሳቀች ስታይ ጎንበስ ብሎ አየ። እኔ ነኝ አላላትም። እሷም ቀና ብላ አላወቀችውም። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ተወ። የእንጨት ሥራ ቤቱ ከመኝታ ክፍሉ በግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው፤ የመላጊያ ድምፅ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እኔና ምልኬሳ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ብቻ መሥራት ጀመርን።

መገናኛ ድረስ መጥቼ ስጠይቅህ ማሽኑን እንኳ አላጠፋህልኝም። እየጮህን ነበር የምናወራው።

"ምን ዋሸሁ?" አልከኝ። "እጁ ይንቀጠቀጣል። የሌለ ነገር አላመጣሁም። ደንበኛ እውነቱን ቢያይ ወንጀል ነው?"

"ደብቅልኝ ብሎህ ነበር።"

"እስከ መቼ ልደብቅለት? ኮርኒሱ ተበላሽቶ ከሱ ጋር እኔም እንድሰደብ? አባትሽ አልቆለታል ፊዮሪ። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ልትይው ግን አትፈልጊም።"

ቀለበቱን አውልቄ ሰጋቱራው ክምር ላይ አስቀመጥኩት። ፈልገህ እንዳወጣኸው ወይም ከሰጋቱራው ጋር ለዶሮ አርቢ እንደሸጥከው አላውቅም። አልጠየቅኩም።

የደረሰብህን የነገረኝ ምልኬሳ ነው። መገናኛ ሰምቶ በሩጫ መጥቶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነገረኝ። ከዝግባው ሳንቃ ምስማሮቹን ነቅለሃል፤ አንዱ ግን ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ነበር። ምላጩ ሲመታው ጣውላው ተወርውሮ እጅህን አብሮ ወደ ውስጥ ሳበው። ጣቶች ሄደዋል አለኝ።

"የትኛው እጁ?" አልኩት።

"ግራው።"

"እሺ፤" ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ምልኬሳ እንደቆመ ቀረ።

"ሌላ ምንም አትጠይቂም?" አለኝ።

"ሌላ ምን አለ?"

እውነቱን ከወደድክ ይኸው እውነቱ። አላለቀስኩም። ሆስፒታል ልጠይቅህ አልመጣሁም፤ መምጣት ፈልጌ እግሬ እምቢ አላለኝም፣ አልፈለግኩም። ወይዘሮ ሉላ የቀረውን ሳንቃ አስጭነው ጎሮ ሲያመጡልኝ ተቀበልኳቸው። አንዱ ላይ ደምህ ደርቆ ነበር። ምልኬሳ "ይሄንን እናውጣው፣ ነውር ነው" አለኝ። አላወጣሁትም። ፊቱን ለጌ፣ ምላስ አውጥቼለት፣ ከሌሎቹ ጋር አስገባሁት። አሁን ሳሎናቸው ጣራ ላይ ነው፤ እኔም ብሆን የትኛው እንደሆነ ለይቼ አላሳይህም።

እዚህ ድረስ ያለው ባንተና በኔ መካከል ነው። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ጥላቻዬን ይዤ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ጥላቻ እጅ አያንቀጠቅጥም።

ከዚያ እናትህ መጡ። እትዬ ሣባ ምን ጊዜም ክፉ ሆነውብኝ አያውቁም፤ ነጠላቸውን አደግድገው ደጃፉ ላይ ሲቆሙ ግቡ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። አቦይ ፊት ተንበርክከው "ልጄ እግርዎ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቅዎት፤ ሌሊት አይተኛም፤ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ" አሉ።  አቦይም "ይምጣ" አለ። "ቅዳሜ ይምጣ፤ ሠራተኛውም ሰፈርተኛውም ባለበት።" እናትህ ጉልበቱን ሳሙት። እኔ ይቅር ያለህ መስሎኝ በንዴት ወጣሁ።

ዓርብ ዕለት ግን ጠርቶ የምላሱን መላጊያ ምላጭ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። ድንጋዩን ውኃ አጠጥቼ ስጀምር "ብዙ አትሳዪው" አለኝ። የሰማሁ አልመሰለኝም። አቦይ እኮ ነው፤ የደነዘዘ ስለት የያዘን ሰው እንደታመመ ሰው የሚያዝንለት። ዞሬ አየሁት። "እንደሱ ተዪው፤ ይበቃዋል" አለኝ። ለሱ ታዝዤ ተውኩት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያኔ ገብቶኛል።

አንተ የምታስታውሰው ከዚህ ወዲያ ያለውን ነው። ፋሻህ የተፈታው ገና በቅርቡ ነበር፤ የቀሩት ጣቶችህ ቀልተዋል። ከእናትህ ጋር ገብተህ ልትንበረከክ ስትል "ቁም" አለህ። "ይቅርታው ይደርሳል። መጀመሪያ አንድ ምላስ አውጣልኝ።" ጎረቤቶቹ በሩ ላይ ተጨናንቀዋል። አቦይ ባለሦስት እግር ዱካው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ብብቱ ውስጥ አስገብቶ ነበር። አንተ መላጊያውን አነሳህ። በሁለት ጣትና በመዳፍህ ጠባቂውን ልትይዘው ሞከርክ፤ ያ መላጊያ ደግሞ አይቆርጥም፣ ይቦጭቃል። ምላሱ ተቀነጠሰ።

"ድገም፤" አለህ።

ደገምክ። ቁስልህ ተከፈተና ደሙ ጣውላው ላይ ተንጠባጠበ። እናትህ "ጋሽ ገብረሰንበት፣ ስለ ወላዲቷ ይበቃዋል፤ እባክዎ" እያሉ ያለቅሳሉ። ምልኬሳ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ያኔ ዓይንህ እኔን ፈለገ። አንድ ቃል ብናገር እንደሚያበቃ አንተም እኔም እናውቅ ነበር።

"ክንድህን ዝቅ አድርገው፤ ጠባቂው ፊቱን እየለቀቀብህ ነው፤" አልኩህ።

ትክክለኛ ምክር ነበር። አቦይ ሳቀ።

"ድገም፤" አለ።

ስትጨርስ፣ ማለቴ አልጨርስ ብለህ እጅህን ደረትህ ላይ ይዘህ ስትቆም፣ እንዲህ አለህ፦ "በሚመጣው ቅዳሜ ተመለስ። ምላሱ እስኪወጣልህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ። ከዚያ ስለ ይቅርታው እናወራለን።" አንተም "እሺ አቦይ" አልከው። ድምፅህ ውስጥ ደስታ መሰለኝ የሰማሁት።

ከሄድክ በኋላ የሆነውን ግን አንተ አታውቅም። የምጽፍልህ ይህን እንድታውቅ ነው።

አቦይ የዚያን ቀን ራቱን ጠርጎ በላ። ከወሎ ሰፈር ከተመለስን ወዲህ እንዲያ በልቶ አያውቅም። እየበላ ፊትህ ምን እንደሚመስል ያስመስላል፤ ጣቱን አጥፎ መላጊያ አያያዝህን ያሳየኛል፤ በሚንቀጠቀጠው እጁ የተቆረጠ እጅህን ያስመስላል። ሲስቅ ጥርሱን አየሁት። የአባቴን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ያ የሱ ሳቅ አይደለም። ሰኞ ምልኬሳ ጠርዝ ሲያጠፋ ድሮ "ለሻያችን ማፍያ" ይለው የነበረው ሰው "ያንተንም ጣት ልቁረጥልህና አርፈህ ትሠራለህ?" አለው። ምልኬሳ ስንት ዘመን አብሮት የኖረ ነው። መላጊያውን አስቀምጦ ውጭ ወጣና ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። 

አሁን ቀኑን ሙሉ ስለ ቅዳሜ ነው የሚያወራው። ከቤት መውጣት ጀምሯል፤ ሱቅ ድረስ እየሄደ ለሰው ይነግራል፤ "ቅዳሜ ኑና እዩ" ይላቸዋል። ትናንት የጣውላ ክምሩ ጋ ወስዶኝ ጉጥ ያለበትን እንድመርጥለት አዘዘኝ። ጉጥ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚሰብርህ እያሰበ ፊቱ ያበራል። ሰዎች "ጋሽ ገብረሰንበት ተሻላቸው" ይሉኛል። አዎ፣ ተሻለው። አንተን ማሰቃየት ነው ያሻለው።

እጁን የወሰደብኝ በሽታ ነው። በበሽታ አልፈርድም። አንተ የወሰድክብኝ ሌላውን ነው። ሰው ሲያጠፋ ሌላ ጣውላ የሚያስርለትን ሰውዬ ከዚያ ሳሎን አላመጣሁትም፤ እዚያው ቀርቷል። የመጣው ሌላ ነው፤ አንተን ይመስላል። "ድገም" ሲል ድምፁ ሳይቀር ያንተ ነው።

ስለዚህ እንዳትመጣ።

ላንተ አዝኜ እንዳይመስልህ። እናትህ ለምልኬሳ "ንስሐዬ ነው ይላል፤ ቅዳሜን ይናፍቃል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ወስዶታል" ብለውታል። ሰማሁ። አቦይ ፊት ቆመህ ደምተህ፣ የሚገባህን የተቀበልክ መስሎህ፣ ቤትህ ገብተህ እንድትተኛ ነው የፈለግከው። እሱን አልሰጥህም። የተቀጣ ሰው ቅጣቱ አንድ ቀን ያልቃል፤ ያንተ እንዲያልቅልህ አልፈልግም። ይቅርታም ከኔ ጋ የለም፤ ከአቦይም ጋ የለም፤ በየቅዳሜው ብትመጣ ምላሱ ይወጣልህ ይሆናል እንጂ ይቅርታው አይወጣልህም። አይቼዋለሁ ፊቱን።

ባትመጣ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ሰፈሩ ሁሉ ፈሪ ይልሃል። እናትህ ያፍሩብሃል። አንተ ግን መምጣት ፈልገህ እንደነበር ለማንም አትነግርም፤ ይህን ደብዳቤም ለማንም አታሳይም። ለእኔ የምታደርግልኝ ይህ ብቻ ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ የተነገረህን ደብቅ። አቦይ ይናደዳል፣ ይሰድብሃል፣ ሰሞኑን ቤቱን ያምሰዋል። ከዚያ እየቆየ ይሰለቸዋል። ስምህ ሲጠራ ፊቱ የማይበራበት ቀን ከመጣ ምናልባት ከጣውላው አንዱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ይዳስሰው ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። ግን የምሞክረው አንተ በሌለህበት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዱካውን ደጃፍ ላይ አውጥቶ መንገድ መንገዱን ሲያይ አጠገቡ እቆማለሁ። ሰዓቱ ሲያልፍ "አይመጣም አቦይ፤ ፈርቶ ነው" እለዋለሁ። ያምነኛል። አሁን የሚያምነው እኔን ብቻ ነው።

ፊዮሪ ገብረሰንበት
ጎሮ